ባለ ሦስት እግሩ ድንክ ፈረስ

ክሊፍ ኤንዳኮት ስኒ የሚያጥበው ደግ ስለሆነ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። በዓመት ሁለቴ፣ ሰዓት በሚቀየርበት፣ አገሩ ሁሉ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ወይም ወደኋላ በሚያደርግበት እሑድ፣ የእንግሊዙ የዳርትሙር ጋራ ሳጥን ፈላጊዎች በመንደሩ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ሻዩ ተጠጥቶ ሳያልቅ እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ጓዳ ይገባና የዚያን ሁሉ ሰው ስኒና ሳህን ማጠብ ይጀምራል። አዲስ የመጣ እንግዳ ካለ፣ "እንዴት ያለ ትሑት ሽማግሌ ነው!" ይላል። ምን ትሑት! ክሊፍ ዕድሜውን ሙሉ የእርሻ ዳር ካብ ሲክብ የኖረ፣ ከሰው ይልቅ ከድንጋይ ጋር የሚግባባ፣ አንዴ ካለ ያለ፣ ግትር ሰው ነው። ስኒ የሚያጥበው ውርርድ ተሸንፎ ነው። ያሸነፈችው ልጁ ታምሲን ናት፤ ታምሲን ከሞተች ደግሞ ሠላሳ ዓመት አልፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ጋራ ላይ ሰዎች ሳጥን ይደብቃሉ፤ ከቋጥኝ ሥር፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ማኅተምና አንድ ደብተር ይኖራል። ያገኘው ሰው የሳጥኑን ማኅተም በራሱ ደብተር ላይ ይመታል፤ የራሱን ማኅተም ደግሞ በሳጥኑ ደብተር ላይ መትቶ፣ ድንጋዩን እንደነበረ መልሶ ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። "ለዚህ ብለው ነው በዝናብ የሚበሰብሱት?" ብሎ የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ከማኅተሞቹ መካከል ግን ቤት የሌላቸው አሉ። መንገደኛ ይሏቸዋል። መንገደኛ ያገኘ ሰው እዚያው አይተወውም፤ በኪሱ ይዞት ይሄድና ሌላ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ ያገኘውም እንዲሁ። ቤት ወስዶ ማስቀረት ነውር ነው፤ ያስቀረ ሰው ከታወቀ በአዳራሹ ሻይ የሚቀዳለት የለም።

ታምሲን መንገደኛዋን የሠራችው በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ በወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ፣ ከትምህርት ቤት ላጲሷ ነው። የጋራው ድንክ ፈረስ ይሁን ብላ፣ ምላሷን አውጥታ በአባቷ ሰንጢ ስትቀርጽ፣ ጋማውን ጨረሰች፣ ጭራውን ጨረሰች፣ ከዚያ የፊት እግሩ ላይ ስትደርስ ሰንጢው አዳለጣትና አንዱ እግር ቁርጥ ብሎ ወደቀ።

"ወይኔ!" አለች።

"ግድ የለም፣ ሌላ ላጲስ እንፈልጋለን" አለ ክሊፍ።

የወደቀችውን እግር በጣቷ ጫፍ አንስታ አየቻት፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። ሳቋ ደግሞ አንዴ ከመጣ የሚቆም አልነበረም፤ እናቷ ቤሪል ከላይ ቤት "ምንድን ነው እሱ?" እስክትል ድረስ ሳቀች።

"ተወው አባ፣ በሦስትም ይሄዳል።"

ክሊፍም ከአሮጌ የበረት በር የተረፈ የወይራ ያህል የጠነከረ እንጨት ቆርጦ፣ አለስልሶ፣ ላጲሱን በሙጫ ለጠፈላት። የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ጋራ ወጡ። ታምሲን ማኅተሙን በጓንቷ ውስጥ ደብቃ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ብቻዋን ተሰወረችና፣ ጉንጯ ቀልቶ ባዶ እጇን ተመለሰች።

"አስቀመጥኩት። የት እንደሆነ አልነግርህም፤ ሰው መጠየቅም የለም። እስክታገኘው ድረስ ሳህን አጣቢው አንተ ነህ።"

"ካገኘሁትስ?"

"ካገኘኸው እኔ አጥባለሁ። እስክሞት ድረስ።"

"ተይ እንጂ፣ ስንት ቀን ይፈጅብኛል ብለሽ ነው!" አላት። እዚያው ነፋስ ላይ ቆመው፣ መዳፋቸው ላይ እንትፍ ብለው ተጨባበጡ።

በጥር ወር፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ራሴን አመመኝ አለች። የማጅራት ገትር ነበር። ሐኪም ቤት አድርሰዋት ሳምንቱ ሳያልቅ ቀበሯት። ቤሪል ያን ጋራ ከመስኮት ማየት አልቻለችም፤ ፕሊመዝ ከተማ ወደምትኖረው እህቷ ዘንድ ሄደች፣ እዚያው ቀረች። ተጣልተው አይደለም፤ ለገና ካርድ ትልክለታለች፤ እሱም ይልክላታል፤ ካርዱ ላይ የልጅቱን ስም የሚጽፍ ግን ከሁለቱም የለም። ክሊፍ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ቀረ። አንድ ሳህን፣ አንድ ስኒ፣ አንድ ሹካ። እነሱን እያጠበ ኖረ።

ማኅተሙን መፈለግ የጀመረው ከቀብሩ በኋላ ወዲያው ነው። ታምሲን ያስቀመጠችበትን ሳጥን አገኘው፤ ደብተሩ ላይ ያ ሦስት እግር ያለው ድንክ ፈረስ ታትሟል፤ ማኅተሙ ግን የለም። አንዱ ሳጥን ፈላጊ ወደ ሌላ ሳጥን ይዞት ሄዷል፤ ሕጉ ነው፣ ምን ይደረጋል። ከዚያ ወዲህ ክሊፍ ዕድሜውን ሙሉ ከኋላው ሲከተል ኖረ። ሳጥን ይከፍታል፣ ደብተሩን ይገልጣል፣ ሦስት እግር! እዚህ ነበር፤ አሁን የለም። አንዳንዴ ሁለት ዓመት ይጠፋል፤ ከዚያ ደግሞ ከጋራው በወዲያኛው ጫፍ ብቅ ይላል። አንድ ጊዜ፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ደርሶ፣ አውራ ጣቱን ሰማያዊ አድርጎበት ያውቃል። ያን ቀን ጣቱን ሳይታጠብ አደረ።

ማንንም አልጠየቀም። አንድ የሰዓት መቀየሪያ እሑድ፣ አንድ ወጣት በአዳራሹ በር ሲገባ፣ "ሚስተር ኤንዳኮት፣ የርስዎ ሦስት እግር እኮ ኪሴ ውስጥ ነው! ትላንት አገኘሁት፣ ላሳይዎት?" አለው። የክሊፍ እጅ ወደ ልጁ ኪስ ሲሄድ ሁሉም አይቷል፤ ወዲያው ግን እጁን መለሰና፣ "አሳይተኸኝ ከልጄ ጋር ታጣላኛለህ እንዴ? ሰው መጠየቅ የለም ተብያለሁ። ሂድና አስቀምጠው" አለ። ልጁ ግራ ገባው። ክሊፍ ግን ወደ ጓዳ ገብቶ ስኒውን ማጠብ ጀመረ። ሞኝነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን እላለሁ፣ ሰውየው ከሟች ልጁ ጋር የቀረው ነገር ያ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ማኅተሙ ጋራው ላይ እስከሄደ ድረስ ጨዋታው አላለቀም፤ ጨዋታው ካላለቀ ደግሞ ልጅቱ ሙሉ በሙሉ አልሄደችም። ይህን ለመረዳት ልጅ መቅበር ያስፈልጋል? አያስፈልግም።

አብራው የምትሄደው ኔታ ኮከር ነበረች። ኔታ የትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ ሆና ጡረታ የወጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ወልዳ የማታውቅ፣ ወሬዋ እንደ ጅረት የማያቋርጥ ሴት ናት፤ ማኅተም በመቅረጽ ግን በዚህ አካባቢ የሚስተካከላት የለም። በብርዱ ወራት ሐሙስ ሐሙስ አብረው ይወጣሉ። በሙቀቱ ወራት ቅጠላ ቅጠሉ እስከ ወገብ ስለሚደርስ ድንጋይ አይታይም፤ ሳጥን የሚፈለገው ሁሉም ነገር ደርቆ ሲተኛ ነው። ኔታ ሰባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ክሊፍ ግን እዚህ አገር ወንዶች እንደሚሉት "አንቺ ልጅ" ነው የሚላት።

"አንተ ሽማግሌ፣ ጉልበትህ እኮ እስከ ቤቴ ድረስ ይሰማል። ቋ! ቋ! በር የሚያንኳኳ ሰው መስሎኝ ተነሣሁ።"

"ያንቺስ ምላስ? በጎቹ ሁሉ መንገድ የሚለቁልሽ እኮ ወደው አይደለም።"

እንዲህ እየተባባሉ ነው የሚወጡት። ለብዙ ዓመት እንዲህ ነበር።

ከዚያ ሦስት እግር ጠፋ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በላይ፤ በየትኛውም ሳጥን ደብተር ላይ አልታይ አለ። ክሊፍ መጀመሪያ፣ "ሰነፍ ሰው እጅ ገብቶ ነው፣ ይወጣል" ይል ነበር፤ በኋላ ምንም ማለት ተወ። የአንዱ ልጅ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፣ ረግረግ ውስጥ ወድቆ ይሆናል። በዚህ ላይ ጉልበቱ። ሐኪሙ በኅዳር ወር የጉልበቱን ራጅ አንሥቶ አሳየውና፣ አጥንቱ ከአጥንት ጋር እየተፋጨ እንደሆነ፣ በየካቲት ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግለት፣ ከዚያ በኋላም ቢሆን ጋራ መውጣት እንደማይታሰብ ነገረው። "ከእንግዲህ ደልዳላ መንገድ ብቻ" አለው። ክሊፍ ለኔታ ሲነግራት፣ "ደልዳላ መንገድ ላይ ምን አለ? የአውቶቡስ ማቆሚያ" አለ፤ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም ነበር። ኔታ ያን ቀን ቤቷ ገብታ ብዙ ሳትቆይ ሰንጢዋን ፈለገች።

በጥር ወር አንድ ሐሙስ፣ አመዳይ ጓሳውን ሁሉ አንጥቶት፣ ወደ ቁራ ቋጥኝ ወጡ። ክሊፍ ጋራ የሚወጣበት የመጨረሻው የብርድ ወራት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ያነሣው ግን የለም። ኔታ እንደ ወትሮዋ አታወራም። ዝምታዋ ሊያጠራጥረው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ጉልበቱን እያዳመጠ ስለነበር ልብ አላለውም። ቋጥኙ ጫፍ ላይ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ ተቀምጠው፣ ድንችና ሥጋ የተጠቀለለበትን ፓስቲያቸውን በሉ፤ ከፔርሙዝ ሻይ ጠጡ።

"አዲስ ሳጥን አለ ተብሏል" አለች ኔታ፣ ፍርፋሪውን ከካፖርቷ እያራገፈች። "የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ከዚያ ከእሾሃማው ዛፍ ጀርባ ገብቶ ከሚታይበት ቦታ፣ ቁልቁል።"

"አንቺ አትመጪም?"

"ጣቴ ደንዝዟል። አንተ ሂድ።"

ምርኩዙን እየተከለ ወረደ። አንድ ድንጋይ ገና ከሩቅ አየ፤ የበቀለበት የድንጋይ ሽበት ወደ ተሳሳተ ወገን ዞሯል፤ ሰው ነክቶታል። ተንበረከከ። መንበርከኩ ብቻ ላብ አስወጣው። ድንጋዩን ገለል ሲያደርግ አሮጌ የጥይት ሳጥን አገኘ፤ ክዳኑን ከፈተ። ደብተሩ አለ። የሳጥኑ ማኅተም አለ። ከሱ ሥር ደግሞ ሌላ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ። ጨርቁን ፈታ።

እንጨቱን ዓይኑ ሳይሆን እጁ ነው ያወቀው። የአሮጌው በረት በር እንጨት፣ ጥጉ ላይ ያለችው የሚስማር ቀዳዳ፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰው ጀርባ። ሠላሳ ዓመት! መነጽሩን ጉም ሸፈነው፤ ጉሙ ከውስጥ ነበር።

"አገኘሁሽ!" አለ። ከዚያ ጮኸ፤ ጋራው እስኪሰማ ጮኸ። "ታምሲን! አገኘሁሽ እኮ! ሳህኑ ቀረልኝ!"

ከላይ ቋጥኙ ላይ ኔታ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ ታለቅሳለችም። እሱ አላያትም። ማኅተሙን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጎ፣ ለዚች ቀን ብሎ ባዶ ያኖረውን የደብተሩን ገጽ ገልጦ መታ። አነሣው። መነጽሩን በክራባቱ ጠርጎ አየ።

ድንክ ፈረሱ አራት እግር ነበረው።

መጀመሪያ ቀለሙ የፈሰሰበት መሰለው። እንደገና መታ። አራት። ማኅተሙን ገለበጠና በጣቱ ዳሰሰው፤ ላጲሱ አዲስ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ጠርዙ ሹል ነው። ጋማው ያምራል። ጭራው ያምራል። የሠራው እጅ ያደገ እጅ ነው። ኔታ እያዳለጣት ወርዳ አጠገቡ ደረሰች፤ ፊቷ በርቷል።

"አራት እግር አለው" አለ ክሊፍ።

"አዎ! እኔ ነኝ የቀጠልኩለት። ከአራት ዓመት በፊት፣ ወንዙ ዳር ያለው ሳጥን ውስጥ አገኘሁት። በስብሶ ነበር፣ ክሊፍ፤ ሲነኩት እንደ አሮጌ አይብ ፍርፍር ነው የሚለው። ሞተ ብዬ እንዴት ልንገርህ? ደብቄ አስቀመጥኩት። ይኸው ሐኪሙ ያን ሲልህ ጊዜ፣ ልቤ አልቻለም፤ እንጨቱ ደህና ስለነበር አዲስ ላጲስ ቀረጽኩለት። ስቀርጽ ደግሞ ምን አልኩ መሰለህ፣ ይህ ምስኪን ስንት ዓመት ሲያነክስ ኖረ፣ አሁንስ ላቁመው፣ ልጅቱም ብታይ ደስ ይላት ነበር…"

"አሮጌውስ?"

"ምኑ?"

"አሮጌው ላጲስ። የሷ። የት አለ?"

የኔታ ፈገግታ ፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። "ዱቄት ነበር እኮ" አለች።

"ኔታ፣ የት አደረግሽው?"

"ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።"

ጉም ከታች ከሸለቆው መውጣት ጀምሯል። ክሊፍ ተንበርክኮ እንዳለ ቀረ። ማኅተሙን መዳፉ ላይ ይዞ ያየዋል።

"እንጨቱማ የኔ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እሷ የነካችው ላጲሱን ነበር።"

"ክሊፍ፣ እኔ እኮ…"

"ማን ቀጥዪለት አለሽ? ማን ጠየቀሽ? እግሩን ስትቆርጠው ስቃለች እኮ! እዚያ ቤት ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ እንደዚያ የተሳቀው ያን ቀን ነው! እግር ቀጠልሽለት! ወልደሽ አታውቂ፣ ቀብረሽ አታውቂ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ!"

ቃሉ ከወጣ በኋላ ሁለቱም ሰሙት። ኔታ የሳጥኑን ደብተር ከመሬት አንሥታ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች፣ ክዳኑን ዘጋች፣ ድንጋዩን እንደነበረ መለሰች፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቀና ብላ አላየችውም። ክሊፍ ማኅተሙን ኪሱ ውስጥ ጨመረ። ሕጉን ጣሰ ማለት ነው፤ ያውም እሱ! ግን ያን ባለ አራት እግር በልጁ ስም ጋራው ላይ ሲዞር ሊያይ አልፈለገም። ቁልቁል ሲወርዱ ኔታ ፊት፣ እሱ ኋላ ነበሩ። ጉሙ ውስጥ በተሰወረ ቁጥር ቆም ብላ ምርኩዙ ድንጋይ ሲመታ እስክትሰማ ትጠብቃለች፤ ስትሰማ ትሄዳለች። መንገድ ዳር ሲደርሱ እሱ ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሐሙሶች አስቀያሚ ነበሩ። ክሊፍ ማኅተሙን ከሳህን ማጠቢያው በላይ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው፤ አራት እግር ቆሞ ያየዋል። ሳህን ማጠብም ተወ። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ተገኝቷል ካለ፣ ጨዋታው አልቋል፣ ታምሲን ናት የምታጥበው፤ አልተገኘም ካለ ደግሞ የሚፈልገው ነገር ምድጃ ውስጥ ተቃጥሏል። ሁለቱም ገደል ነው። ስለዚህ ሳህኑ ሳህን ላይ ተቆለለ፤ ያለው ሲያልቅበት ድስቱ ውስጥ በላ፣ ሻይ በማርማላታ ጠርሙስ ጠጣ። አንድ ቀን ከቁልሉ ሥር ያለውን ስኒ ሲስብ ቁልሉ ሁሉ ተናደበት። እሱ ካብ ሠርቶ ተንዶበት የማያውቅ ሰው፣ ስብርባሪው መሃል ቆሞ፣ ልጁ ከተቀበረች ወዲህ ያላለቀሰውን ለቅሶ አለቀሰ። ጮኾ ነው ያለቀሰው፤ "ልጄን!" ብሎ።

ሲበቃው ፊቱን ታጥቦ ሰንጢውን አወጣ። ማኅተሙን መብራት ሥር አስጠግቶ እግሩን ሊቆርጥ ሞከረ። ጣቶቹ በዚያ ሁሉ ዘመን ድንጋይ ተጣምመዋል፤ ሰንጢው የፈረሱ ሆድ ላይ ሊያርፍ ሲል ደነገጠና አቆመ። ኮቱን ለበሰ። የኔታ ቤት በደልዳላ መንገድ የሚደረስበት ነው።

ከፈተችለት። እጇ ዱቄት ነክቷል።

"እ?" አለች።

"ትንሽ ሥራ ነበረኝ።"

"ቦቲህን አውልቅ፣ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት።"

አወለቀ። ጠረጴዛው ላይ ማኅተሙን አስቀመጠላት፣ ሰንጢውንም አጠገቡ።

"ቁረጪልኝ። እጄ እምቢ አለኝ።"

ኔታ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀመጠች። መነጽሯን አደረገች። "የቱን?"

"የፊቱን። ከአንገቱ በኩል ያለውን። ማኅተሙ ላይ ሲሆን ይገለበጣል፣ ተጠንቀቂ።"

"ይገለበጣል ትለኛለህ? ለኔ?" አለች፤ ግን በቁጣ አልነበረም።

ሰንጢውን ልታሳርፍ ስትል፣ "እንደሱ አታሳምሪው" አላት። "እሷን አዳልጧት ነው። ጉልበቱ ጋ ትንሽ ጉማጅ ቀርቶ ነበር፤ ወደ ኋላ ያዘነበለ።" ኔታም ያቺን ጉማጅ አስቀርታ ቆረጠችው። እግሩ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ክሊፍ በጣቱ ጫፍ አንሥቶ አየው፤ የሳቀ ግን የለም። ወረቀት ላይ መቱት። ድንክ ፈረሱ በሦስት እግሩ ቆመ። ይመስላል። እሱን አይደለም፣ ግን ይመስላል፤ ሁለቱም ይህን አውቀው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ያን ዕለት ያልኩሽ…"

"ሰምቼዋለሁ" አለች ኔታ። "ደግመህ እንዳታሰማኝ።" ሰንጢውን አጥፋም፣ "አልወለድኩም እውነት ነው። እሷን ግን ምሳ አብልቻታለሁ፣ ክሊፍ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚች እጄ። ካሮት አትወድም ነበር፤ ለጓደኛዋ ስትሰጥ እያየሁ ዝም እላት ነበር" አለች።

ክሊፍ ይህን አያውቅም ነበር። ካሮት እንደማትወድ ራሱ ረስቶታል። እጁን ዘርግቶ ዱቄት የነካውን እጇን ያዘው፤ እዚህ አገር ሰው እንዲህ አያደርግም፤ እሱ ግን አደረገው።

"ጋራ ውሰጂው" አላት ሲወጣ። "እኔ ቤት ብዙ ተቀመጠ። ነውር ነው።"

በየካቲት ጉልበቱን ቀደዱት። በመጋቢት ማለቂያ፣ ሰዓት በሚቀየርበት እሑድ፣ በሁለት ምርኩዝ ተደግፎ አዳራሽ ገባ። ሰዎች ወንበር ለቀቁለት፣ ኬክ አመጡለት። ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ ጥግ አንዲት ሴት፣ "ሦስት እግር እኮ ተመልሷል! በደብተሩ አየሁት፣ እዚያ…" ብላ ስትጀምር፣ ክሊፍ አንዱን ምርኩዝ አንሥቶ ጠረጴዛውን መታው።

"ዝም በይ! እኔ እዚህ እያለሁ?"

ሴትዮዋ ደነገጠች፤ የሚያውቁት ሳቁ። እሱ ግን ተነሥቶ፣ አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ፣ ወደ ጓዳ ሄደ። ምርኩዞቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ሆዱን ከማጠቢያው ጠርዝ ጋር አጣብቆ ቆመና እጅጌውን ሰበሰበ። ኔታ ፎጣ ይዛ ተከተለችው።

"ተቀመጥ እንጂ፣ እኔ አጥበዋለሁ።"

"አላገኘሁትም እኮ። ያላገኘ ያጥባል።"

ስኒውን እያቀበላት፣ እሷም እያደረቀች፣ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ኔታ ወደ በሩ አየት አደረገችና ድምጿን ቀነሰች። "ክሊፍ፣ ሩቅ አይደለም እኮ። ለአንተ ብዬ ነው፤ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ነው፣ መንገዱ ደልዳላ ነው፣ ከዚያ ከትልቁ ድንጋይ…"

"አንቺ ልጅ!" አላት፤ እርጥብ እጁን አንሥቶ አፏ ላይ ሊያደርስ ምንም አልቀረው። ዓይኑ ሞልቷል። "ከነገርሽኝ እኮ በቃ፣ እሷ ውርርዱን በላችኝ። ተይኝ፣ ልፈልገው።"

ኔታ ከንፈሯን ነክሳ ሌላ ስኒ ማድረቅ ጀመረች። እሱም ዞሮ ቀጣዩን ስኒ ውኃው ውስጥ ነከረ።